የእናቴ ጨው ሰማያዊ አልሆነም

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የጨው ነጋዴ ልጅም ነኝ። ሁለቱ ነገር ሕይወቴ ውስጥ የተገናኘው ባለፈው ዓመት ነው፤ ያውም በስኳር ምክንያት።

አሥረኛ ክፍሎችን "ነገ ከቤታችሁ አንድ አንድ ማንኪያ ጨው በወረቀት ጠቅልላችሁ ኑ" አልኳቸው። አዮዲን ያለውን ከሌለው እንለያለን ብዬ። መለያው ቀላል ነው። ድንች የተቀቀለበትን ውሃ ታጠልላላችሁ፤ ስታርች አለው። ጨው ላይ ጠብ ታደርጉታላችሁ። ከዚያ ቀጭን አሲድ፣ ከዚያ ፖታሲየም አዮዳይድ የሟሟበት ውሃ። ጨው ውስጥ አዮዴት ካለ ሦስቱ ተገናኝተው አዮዲን ይፈጥራሉ፤ አዮዲን ደግሞ ስታርች ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። እንደ እስክሪብቶ ቀለም ያለ ሰማያዊ።

የመጀመሪያው ልጅ ጨው ሰማያዊ ሆነ። ሁለተኛው ሆነ። ሁሉም ሆነ። ደስ ብሎኝ "አያችሁ፣ አገራችን ተለውጣለች" እያልኩ ንግግር ልጀምር ስል ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ስኳራችንም አዮዲን አለው!" አለ። ተንኮለኛ ነው፤ በወረቀት ስኳር ጠቅልሎ መጥቷል። ስኳሩም እንደ ጨዉ ሰማያዊ ሆኗል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የላቦራቶሪያችን ፖታሲየም አዮዳይድ ስንት ዓመት እንደቆየ እንጃ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ቢጫ ሆኗል። ቢጫ ሆነ ማለት አየር ነክቶት ራሱ አዮዲን ማውጣት ጀምሯል ማለት ነው። ያን ብትጨምሩበት አሸዋም ሰማያዊ ይሆናል። ያን ልጅ ሳልቀጣው ተጨማሪ ሁለት ማርክ ሰጠሁት። ከጓደኛዬ ትምህርት ቤት አዲስ ተለምኖ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በዚያ መሃል እናቴ ከጎጃም መጣች።

እማዬ ስትመጣ ሽሮና በርበሬ ሳትይዝ አትመጣም። በስልክ "ዘንድሮ ጨውም ያዢልኝ" ብያት "አዲስ አበባ ጨው ጠፋ?" ብላ ደነገጠች። ለተማሪዎች ነው አልኳት። በላስቲክ ቋጥራ አመጣችልኝ።

አዲሱ መድኃኒት ሲደርስ ልጆቹ እንደገና ተሰለፉ። አሁን ስኳሩ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ እፎይ። ከሠላሳ ምናምን ጥቅል አብዛኛው ሰማያዊ ሆነ፤ አንዳንዱ ጥቁር እስኪመስል፣ አንዳንዱ ደግሞ የታጠበ ጂንስ ነው የሚመስለው። ቤተሰቧ ከመቀሌ የሆነች ልጅ አያቷ ያስቀመጡትን የአሞሌ ስባሪ አምጥታ ነበር፤ ምንም። የእናቴን ጨው ጨመርኩ። ጠበቅኩ። አሲድ ደገምኩ። እንደ ስኳሩ ነጭ ሆኖ ቀረ።

የገረመኝ ጨዉን የገዛሁት እኔ መሆኔ ነው። አዲስ አበባ፣ "አዮዲን ያለው" የሚል የታሸገ ሻካራ ጨው፣ በሰው ልኬላት ነው። ከዚያው እሽግ እኔ ቤት የቀረው ሰማያዊ ሆኗል።

ማታ ላይ "እማዬ፣ የላኩልሽን ጨው ምን አደረግሽው?" አልኳት።

"ምን አደርገዋለሁ? አጠብኩት።"

"አጠብሽው?"

"ቆሻሻ ሳይታጠብ ይበላል እንዴ? አጠብኩት፣ ሰፌድ ላይ አሰጣሁት፣ ማሰሮው ውስጥ ጨመርኩት።"

ማሰሮውን አውቀዋለሁ። ከምድጃው ጎን ነው የሚቀመጠው፣ ክዳን የለውም፣ ሙቀት ካላገኘ ጨው ይረጥባል ስለሚባል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። አዮዲን ከጨው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ ከላይ የሚረጭ ነው። ጥራጥሬው ላይ ተለጥፎ ነው የሚኖር። ስታጥቡት መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። የተረፈውን ፀሐይ፣ ከፀሐይ የተረፈውን እሳት። እናቴ በሦስት እርምጃ አንድ ፋብሪካ የሠራውን ሥራ አፈረሰችው። ንጽሕና ብላ።

ልቆጣ አልኩና አባዬ ትዝ አለኝ።

አባዬ ጎጃም ውስጥ፣ ስሟን ብጠራት ብዙ ሰው የማያውቃት ከተማ፣ ጨው ይሸጥ ነበር። በገበያ ቀን የማዳበሪያውን አፍ ወደ ውጭ ይጠቀልልና ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ጨዉ ሲያብረቀርቅ ገዢ ይስባል። መስፈሪያው ጣሳ ነው። "ሙላው እንጂ፣ ጫን አድርገው" እያሉ ይከራከሩታል። የእኔ ሥራ ጓሉን መሰባበር ነበር፤ ጣቴ ላይ ቁስል ካለ ያን ቀን አልረሳውም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጨው ያለቅሳል። ከማዳበሪያው ሥር ውሃ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ካርታ ይሠራል። እኔ በጨርቅ እጠርጋለሁ። አሁን ሳስበው፣ አዮዲን ያለው ጨው በመጣልን ጊዜ እንኳ አዮዲኑን በጨርቅ ጠርጌ ደጅ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

ገዢዎቻችን ውስጥ እንቅርት የሌለባቸውን ሴቶች መቁጠር ይቀል ነበር ብል ብዙ አላጋንንም። ልጅ ሆነን አይገርመንም። እንደ ቁመት ነው፤ አንዷ ረጅም ናት፣ አንዷ አጭር፣ አንዷ እንቅርት አላት። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ስንል የሰው አንገት ትዝ አይለንም። ግን ምሳሌያዊ አነጋገር ከየትም አይመጣም። እንቅርት በየቤቱ ባይኖር ማንም "በእንቅርት ላይ" ብሎ አይተርትም ነበር።

አያቴ አንገቷ ዙሪያውን ንቅሳት ነበራት። እንደ ድሪ የተደራረበ፣ አረንጓዴ ወደ ጥቁር የሚያደላ። ለጌጥ የተነቀሰች ይመስለኝ ነበር፤ ታምርባት ነበር። ከሞተች በኋላ ነው እማዬ "ጌጥ አይደለም፣ እንቅርቷ እንዳያድግ ብለው ነው የነቀሷት" ያለችኝ። እንቅርቱ ግን ከንቅሳቱ ሥር ዝም ብሎ ያድግ ነበር። ድሪው እየተለጠጠ እየሰፋ ሲሄድ ፎቶዎቿ ላይ ይታያል።

እስቲ ትንሽ አስተማሪ ልሁን። አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ታይሮይድ የሚባል እጢ አለ። ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ይመስላል። ሥራው ሆርሞን መሥራት ነው፤ የሰውነትን እሳት የሚቆጣጠር ሆርሞን። ልብ በምን ፍጥነት ይምታ፣ ምግብ በምን ፍጥነት ይቃጠል፣ ብርድ ይሰማን አይሰማን። ቲ4 የሚባለው ሆርሞን ውስጥ አራት የአዮዲን አተሞች አሉ፤ ቲ3 ውስጥ ሦስት። ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው። አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑ የለም፤ በሌላ ነገር አይተካም።

አዮዲን ሲያንስ ጭንቅላት ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ "ሥራ እንጂ!" እያለች ትዕዛዝ ትልካለች። ትዕዛዙ ቲኤስኤች ይባላል፤ ሐኪም ቤት ደም ሰጥታችሁ የምታገኙት ወረቀት ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ታይሮይድም ምስኪን ነው፤ የሚሠራበት ዕቃ ሳይሰጠው ትዕዛዝ ሲበዛበት ራሱን ያሰፋል። እርጥብ ከሰል ላይ ማራገቢያ እንደማብዛት ነው። ከሰሉ አይያያዝም፣ ክንዳችሁ ግን ያብጣል። ያ እብጠት ነው እንቅርት።

ስንት ነው የሚያስፈልገን? ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ 250። ተማሪዎቼን "ሰባ ዓመት የሚኖር ሰው በዕድሜው ሙሉ ስንት አዮዲን ይበላል?" ብዬ ጠይቄያቸው አስልተው ነበር። 3.8 ግራም ገደማ ወጣላቸው። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። "ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?" አለ ያ የስኳሩ ልጅ። አዎ፣ ለዚህ ነው። ግን ማንኪያዋን በአንድ ቀን ውጦ መገላገል አይቻልም፤ በየቀኑ ጠብ ጠብ ማለት አለባት።

ደጋ ላይ ይህች ጠብታ ጠፋች። አዮዲን ያለው ባሕር ውስጥ ነው። ተራራ ላይ ያለውን ዝናብ ለዘመናት እያጠበ ወስዶታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ዓባይ ውስጥ ይከታል፣ ዓባይ ይዞት ይወርዳል። የቀረው አፈር ላይ የበቀለ ጤፍ አዮዲን ከየት ያመጣል? ያን ሣር የበላች ላምስ ወተቷ ውስጥ? የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ስዊዘርላንዶች በተራራቸው ምክንያት እንደኛው እንቅርታም ነበሩ፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመሩ። አሜሪካ በ1924 ሚሺጋን ላይ ተከተለች።

ሰው ጨው የሚመረጠው ለምንድን ነው ይላል። ሁሉም ሰው በየቀኑ፣ ሀብታሙም ድሃውም፣ ከሞላ ጎደል በተመሳሳይ መጠን የሚበላው ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ለእኛ ለጾመኞቹ ደግሞ ይብሳል። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ጥሩ የአዮዲን ምንጮች ናቸው ይባላል። እሺ፣ የዓመቱን ግማሽ ገደማ እንጾማለን፤ ምን ቀረን? ጨው።

ጨዋችን ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከጦርነቱ በፊት ብዙው ጨው ከምፅዋና ከአሰብ ነበር የሚመጣ፤ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። ያኔ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ አባዬ "የአሰብ ጨው ቀረ፣ አሁን የአፋር ነው" ብሎ ለገዢዎቹ ሲያስረዳ ትዝ ይለኛል። እሱን ያስጨነቀው ዋጋውና የጥራጥሬው መልክ ነበር። አፍዴራ ሐይቅ ዳር የሚመረተው ጨው አገር መመገብ ጀመረ፤ አዮዲን ግን አልነበረውም። አሞሌውም ድሮም የለውም። ብዙ ሰው ጨው ከባሕር ስለመጣ አዮዲን ያለው ይመስለዋል። ባሕሩ አለው፤ ውሃው ተንኖ ጨዉ ሲረጋ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይቀርም።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 አካባቢ በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። ሠላሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ቆሜ አስራ ሁለቱን በዓይኔ ስቆጥር ነው ቁጥሩ የሚገባኝ። የሚታየው አንገት ነው፤ የማይታየው ይከፋል። እናት አዮዲን ካነሳት ማኅፀን ውስጥ ያለው ልጅ አንጎል በቅጡ አያድግም። ያ ደግሞ በኋላ በጨው አይመለስም።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘበት ቤት ከመቶ 15 ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 89 ደረሰ። እንዲህ ዓይነት ዝላይ በዚህች አገር ስንት ጊዜ ታያላችሁ? ያጨበጨብኩለት ነገር ነው። ግን ጥናቱ ቀለሙ ይታያል አይታይም የሚል ነው፤ የታጠበ ጂንስ የሚመስለውም "አለው" ተብሎ ይቆጠራል። ቤት የሚደርሰው ጨው በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን ሊኖረው ይገባል። አንዳንዱ ጥራጥሬ በደንብ ተረጭቶ አንዳንዱ ሳይነካው ካለፈ፣ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጨው አለ።

ወደ እማዬ ልመለስ። እሷም እንቅርት ነበራት። ለዓመታት ዝም ብሎ ኖሮ ከአምስት ዓመት በፊት መዋጥ አስቸገራት፣ ስትተኛ ትታፈናለች። የቆየ፣ ጓል ጓል የበዛበት እንቅርት ጨው ስለተለወጠ አይከስምም። በቀዶ ሕክምና አብዛኛው ወጣላት። አሁን እጢው መሥራት ያለበትን ሆርሞን በክኒን ትወስዳለች፤ ሌቮታይሮክሲን ይባላል፣ በየማለዳው፣ በባዶ ሆድ።

መጀመሪያ ላይ ክኒኑ አልሠራላትም። ብርድ ብርድ ይላታል፣ ትተኛለች፣ ቲኤስኤቿ አልወርድ አለ። መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨመረ። የታየችበት ቦታ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቃትም። በኋላ ሌላ ዶክተር ጋር ሄድን፤ ወጣት ነው፣ ወረቀቱን ትቶ እሷን አየ።

"እማማ፣ ክኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?"

"በቡና!" አለች፣ ደረቷን ነፍታ።

ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያግደዋል። ክኒን በውሃ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ለእናቴ ይህን መንገር ከቀዶ ሕክምናው በላይ ከባድ ነበር። "ከአልጋ ወርጄ ያለ ቡና አንድ ሰዓት? ምን እያየሁ?" ዶክተሩ "ሰዓቱን" አላት። እውነትም አሁን ሰዓቱን ነው የምታየው። በሦስት ወሩ ውጤቷ ተስተካከለ።

ታዲያ ለእሷ የጨዉ አዮዲን ብዙም ለውጥ የለውም፤ ሆርሞኗ ከክኒን ነው። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ከዚያ ማሰሮ የወንድሜ ሚስት ትበላለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ትንንሽ ልጆችም አሉ።

በዚህ ላይ እህቴ ከሜሪላንድ ዕቃ ላከች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይሄኔ ነው። ለእኔ ሮዝ የሂማሊያ ጨው፣ በሚያምር ጠርሙስ። ለእማዬ ደግሞ ከባሕር አረም የተሠራ እንክብል፣ "ለታይሮይድ" የሚል ጽሑፍ ያለበት። ሮዙን ጨው ላቦራቶሪ ወሰድኩት፤ ሮዝ እንደሆነ ቀረ። ሂማሊያ ራሱ እኮ እንደኛ ደጋ በእንቅርት የታወቀ ተራራ ነው! ያም ሆኖ ለሰላጣ ቆንጆ ነው፤ አልጣልኩትም። እንክብሉ ግን የዋዛ አይደለም። የባሕር አረም አዮዲን ያከማቻል፤ በ1811 እ.ኤ.አ. በርናር ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ አዮዲንን መጀመሪያ ያገኘው ከአረሙ አመድ ነው። አንዱ እንክብል ውስጥ ያለው የብዙ ቀን ቀለብ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን ሙሉ አዮዲን ሲያንሰው የኖረ ጓላም እንቅርት በአንዴ ሲያጥለቀልቁት አንዳንዴ ያብዳል፤ ሆርሞን ያለ ልክ ይለቃል፣ ልብ ይዘላል። እማዬ የተረፈ እጢ አላት።

ለእህቴ ደወልኩላት። "እትዬ፣ እንክብሉን አልሰጣትም።"

"ናቹራል እኮ ነው!"

"ሚጥሚጣም ናቹራል ነው፤ ዓይንሽ ውስጥ ትጨምሪዋለሽ?"

ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ጎመን አትብሉ የሚል ነገርም በየቴሌግራሙ ይዞራል። ጥሬውን በየቀኑ እንደ በግ ካልጋጣችሁና አዮዲን ያለው ጨው ከበላችሁ ጎመን ምንም አያደርጋችሁም። እኛ ደግሞ እስኪለሰልስ ነው የምንቀቅለው። ካሳቫ ዋና ምግብ የሆነበት አካባቢ ግን በደንብ ሳይዘፈዘፍና ሳይበስል መብላት ለእንቅርት ያጋልጣል።

እማዬን ለማሳመን ማብራሪያ አልሰጠሁም። ሁለት ስኒ ረከቦቱ ላይ አስቀመጥኩ። በአንዱ የእሷን ጨው፣ በአንዱ ያልታጠበውን። ድሮፐሩን እጇ ላይ ሰጠኋት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጠብታውን አላባከነችም። የእሷ ነጭ ሆኖ ቀረ። ያኛው መሃሉ ላይ ትንሽ ነጥብ ሠራ፤ ነጥቡ እየሰፋ ሰማያዊ ሆነ። ዝም ብላ አየችው።

"ይሄን ቀለም ነው የምታበይን?"

"ቀለሙን አይደለም። ቀለሙ ምስክር ነው።"

"እና እኔ አጥቤ የደፋሁት ምስክሩን ነው።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ "አባትሽ ይሄን ቢያይ ማዳበሪያውን ፀሐይ ላይ ያቆመው ነበር?"

"አያቆመውም ነበር" አልኳት። እውነቴን ነው፤ አባዬ ገዢ አያታልልም ነበር። ጣሳውን ጫን ሲያደርግ አይቻለሁ።

ስትሄድ ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ገዛሁላት። ከምድጃው ራቅ አድርገሽ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው፣ አታጥቢው፣ ወጥ ላይ ሊወጣ ሲል ጨምሪው አልኳት። የበርበሬውን ግን ተስማምተን ተውነው። ከጨው ጋር ተፈጭቶ ፀሐይ ላይ ስንት ቀን እንደሚሰጣ እኔም አውቃለሁ፤ እሱን ልለውጥ ብል ከቤተሰብ እባረራለሁ።

ለመሄድ በተነሳችበት ጠዋት ክኒኗን በውሃ ውጣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ። ጀበናው ፈልቶ ወርዷል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። "ሞላ?" ትላለች። "ሃያ ደቂቃ ይቀራል።" "ሰዓትሽ ቆሟል እንዴ?" በመጨረሻ ስኒዋን አነሳች። ጎጃሜ ናት፤ ቡናዋን በጨው ነው የምትጠጣው። አዲሱን ዕቃ ከፍታ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች፣ ክዳኑን ገጥማ ተጫነችው። ቀጭ አለ። አልረካችም መሰለኝ፤ እንደገና ተጫነችው።